የህንድ ፊልም ከእናት ጋር ሲታይ

እናቴ እንግሊዝኛ አታነብም። ስለዚህ የህንድ ፊልም ስናይ ከስር የሚጻፈውን እየተረጎምኩ የምነግራት እኔ ነኝ። ሴቶች ለራሳቸው የሚቆሙባቸውን ፊልሞች ከእናታችሁ ጋር ማየት ካማራችሁ እኛ ያየንበትን ቅደም ተከተል ልንገራችሁ።

መጀመሪያ «ኢንግሊሽ ቪንግሊሽ» ይሁን፤ በፈረንጆቹ የ2012 ፊልም ነው። ስሪዴቪ የምትጫወታት ሻሺ ላዱ የሚባል ጣፋጭ እየሠራች ትሸጣለች። እንግሊዝኛ ስለማትችል ባሏና ልጇ ይሳለቁባታል። ለእህቷ ልጅ ሠርግ ኒውዮርክ ስትሄድ በድብቅ የአራት ሳምንት ትምህርት ትጀምራለች። ለእናት ቀለል ይላል።

ቀጥሎ የ2020ው «ታፓድ»። ትርጉሙ ጥፊ ነው። ባል በድግስ መሃል፣ ሰው ሁሉ እያየ፣ ሚስቱን አምሪታን በጥፊ ይመታታል። አንዴ። እዚህ ጋ ፊልሙን አቁሙና ምን እንደምትል ጠይቋት። እናቴ «በአንድ ጥፊ ቤት አይፈርስም» አለችኝ። ውስጤ ተቃጠለ፤ ግን አልተከራከርኳትም። እናንተም አትከራከሩ።

ዋናው «ዘ ግሬት ኢንዲያን ኪችን» ነው። ጂዮ ቤቢ የሠራው የ2021 ፊልም፣ ከደቡብ ህንዷ ኬረላ ግዛት፣ ቋንቋው ማላያላም። ባልና ሚስቱ ስም እንኳ የላቸውም። ቀኑን ሙሉ ይከተፋል፣ ይፈጫል፣ ይታጠባል። ለመተርጎም አትቸኩሉ፤ የሚተረጎም ንግግርም ብዙ የለም። የሴትየዋን እጆች እዩ። የባሏ አባት ሩዙ በእንጨት እሳት ካልበሰለ፣ ልብሱም በእጅ ካልታጠበ አይወድም። ወንዶቹ ያኘኩትን ጠረጴዛው ላይ ትተው ይነሳሉ። የወር አበባዋ ሲመጣ ለብቻዋ መሬት ላይ ትተኛለች።

ከሁሉም በላይ የሚያፈሰውን የእቃ ማጠቢያ ቧንቧ ልብ በሉ። ሠራተኛ እንዲጠራላት ባሏን ስንቴ እንደምትለምነው ቁጠሩ። ለእኔ ፊልሙ ያለው እዚያች ቧንቧ ላይ ነው። በመጨረሻ ያንን ቆሻሻ ውሃ ባልና አባቱ ላይ ስትደፋው እናቴ ከሶፋው ብድግ አለች። «አበጀሽ የኔ ልጅ!» አለቻት። ያቺው ስለ ጥፊው የነገረችኝ እናቴ!

ወንድሞቻችሁንም ጥሩ። የእኔ ወንድም ዝም ብሎ ሲያይ ቆየና፣ እናቴ ቡና ልታፈላ ስትል ቀድሟት ተነሳ። ሲኒው የት እንደሚቀመጥ ግን አላወቀም። ባደገበት ቤት! በጣም አዘንኩ። ሄጄ አሳየሁት።