የባሕር አረም ለቦርጭ፦ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ድሬዳዋ፣ ከዚራ ሰፈር፣ ጎረቤቴ ቤት ቡና ስንጠጣ ሁለት ብልቃጥ አወጣልኝ። በጅቡቲ በኩል የገባ የባሕር አረም እንክብል ነው። «አቦ፣ እውነቱን ንገረኝ፤ ቦርጭ ያጠፋል? አንዱ ለእናቴ ነው» አለ።

አይጥ ላይ የታየውን ለራስ መውሰድ የመጀመሪያው ስህተት ነው። ቡናማ የባሕር አረም ውስጥ ፉኮዛንቲን የሚባል ቀለም አለ። በ2005 እ.ኤ.አ. የጃፓን ተመራማሪዎች ይህን ለአይጦች ሲያበሉ የሆድ ስባቸው ቀነሰ። ስቡ ውስጥ ጉልበትን ወደ ሙቀት የሚቀይር ፕሮቲን ታይቶ ነበር። ደስ የሚል ግኝት ነው። ሰው ላይ የተሠሩት ጥናቶች ግን ጥቂትና ትንንሽ ናቸው።

«ተፈጥሯዊ ነው፣ አይጎዳም» የሚለው ይብሳል። ለአዋቂ ሰው በቀን 150 ማይክሮግራም አዮዲን ይበቃዋል። ኬልፕ የሚባለው አረም ደርቆ አንዷ ግራም ብቻ ከ1,000 ማይክሮግራም በላይ ልትይዝ ትችላለች። እኛ አገር ደግሞ እንቅርት የቆየ በሽታ ነው፤ ጨው ላይ አዮዲን የሚጨመረውም ለዚሁ ነው። አዮዲን አጥሮት የኖረ የአንገት እጢ (ታይሮይድ) ድንገት ሲጥለቀለቅ ሊቃወስ ይችላል። ልብ ይመታል፣ እጅ ይንቀጠቀጣል፣ ክብደትም ይቀንሳል። ሰውየው ታዲያ «ሠራልኝ!» ብሎ ይደሰታል። ብልቃጡን አገላብጬ አየሁት። ስለ አዮዲን መጠን አንድም ቃል የለም።

ስፒሩሊና የሚባለውን ደቂቅ የውሃ ተሕዋስ ከዚህ ጋር አትቀላቅሉ። ቢሾፍቱ አጠገብ አረንጓዴ ሐይቅን የሚያቀልመው እሱ ነው፤ የባሕር አረም አይደለም፣ ፉኮዛንቲንም የለውም።

አልጂኔት የተባለውን ዱቄት ያለ ውሃ መዋጥም አደጋ አለው። ከአረሙ የሚወጣ አሰር ነው፤ ለቃር በሚሰጡ አንዳንድ መድኃኒቶች ውስጥም አለ። ውሃ ሲያገኝ ያብጣል። ሆድ ውስጥ ሲያብጥ የጥጋብ ስሜት ይሰጣል፣ ጉሮሮ ላይ ከሆነ ግን ያንቃል።

የጎረቤቴ የራሱ ስህተት ደግሞ ሌላ ነው። ጠዋት እንክብል ይውጣል፣ ከሰዓት በርጫው ላይ ሦስት ለስላሳ ይደረድራል። አንዱ ጠርሙስ 30 ግራም ገደማ ስኳር አለው። ሦስቱን ደምሩት። የትኛው አረም ይችለዋል?

«እናትህ አንገታቸው ላይ ያለው እብጠት እንዴት ሆነ?» አልኩት። ዝም አለ። የሱን ብልቃጥ አልነካሁበትም። የእናቱን ግን ይዤው ወጣሁ።