የአባትን ሹመት ለልጅ ሳይሰጡ የፖለቲከኛ የሕይወት ታሪክ መጻፍ

ከፖለቲከኛ ቤተሰብ የወጣን የአሜሪካ ግዛት ባለሥልጣን ታሪክ ሲጽፉ ከልደት አይጀምሩ። መጀመሪያ ቤተሰቡን ለዩ። ለእያንዳንዱ ሰው አንድ መስመር ይያዙና ሙሉ ስም፣ ሥልጣን፣ የተመረጡበትን፣ የማሉበትንና የለቀቁበትን ቀን ይሙሉ።

መለማመጃ ከፈለጉ የካሊፎርኒያዎቹን ብራውኖች ይውሰዱ (ዓመቶቹ ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው)። አባትም ልጅም ኤድመንድ ጄራልድ ብራውን ይባላሉ፤ አባትየው ፓት፣ ልጅየው ጄሪ በሚል ይታወቃሉ። ሁለቱም የግዛቲቱ ጠቅላይ ዓቃቤ ሕግም አገረ ገዥም ነበሩ። ስለዚህ «ጠቅላይ ዓቃቤ ሕግ ኤድመንድ ጂ. ብራውን» የሚል ወረቀት እጅዎ ሲገባ የሚፈርደው ቀኑ ነው፦ ከ1951 እስከ 1959 ከሆነ አባት፣ ከ2007 እስከ 2011 ከሆነ ልጅ።

የእኛ አንቱታ ደግሞ ሌላ ወጥመድ አለው፤ ጾታን ይሸፍናል። «ብራውን በ1994 ለአገረ ገዥነት ተወዳድረው ተሸነፉ» ቢሉ አንባቢ ጄሪን ያስባል። የተሸነፉት እህታቸው ካትሊን ናቸው። ሁልጊዜ የመጀመሪያ ስም ይጻፉ።

ጄሪ ከ1971 እስከ 1975 የያዙትን ሥልጣን «የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር» ብሎ የሚተረጉም አይጠፋም። ያ የዋሽንግተኑ ነው፤ የግዛቱ ሴክሬተሪ ኦፍ ስቴት ምርጫ ያስፈጽማል፣ ኩባንያ ይመዘግባል።

ዓመቱን ወደ እኛ አቆጣጠር ሲቀይሩ ይጠንቀቁ። ጄሪ በኅዳር 1974 ተመርጠው በጥር 1975 ማሉ። በፈረንጆቹ ወር ከመስከረም 11 ወይም 12 እስከ ታኅሣሥ መጨረሻ 7፣ ከጥር ጀምሮ 8 ይቀነሳል፤ ሁለቱም በእኛ 1967 ላይ ያርፋሉ። በጅምላ 8 የቀነሰ ምርጫውን አንድ ዓመት ወደኋላ ይወስደዋል።

የተቋረጠ ሥልጣንን አይቀጥሉት። ጄሪ የገዙት ከ1975 እስከ 1983፣ ከዚያም ከ2011 እስከ 2019 ነው። «ገደቡ ሁለት የሥልጣን ዘመን አይደለም ወይ?» ለሚል አንባቢ መልሱን አብረው ያስቀምጡ፦ ገደቡ በ1990 ሲወጣ ቀድሞ ያገለገሉትን ዘመን አልቆጠረም።

የምክር ቤት አባል ከሆነ «የአባቱን ወንበር ወረሰ» ከማለትዎ በፊት ካርታውን ይዩ። ከየ10 ዓመቱ የሕዝብ ቆጠራ በኋላ የምርጫ ክልል ወሰን እንደገና ስለሚሠመር፣ ቁጥሩ ያው ሆኖ መራጩ ሌላ ሊሆን ይችላል። ኔብራስካ ላይ ደግሞ «የታችኛው ምክር ቤት» አይበሉ፤ ያላት አንድ ብቻ ነው።

የቤተሰብ ስም ምን ያህል እንደረዳ መገመት ያጓጓል። ማስረጃ ከሌለዎት ሁለቱን ሐቅ ጎን ለጎን ያኑሩ፦ ፓት በ1966 በሮናልድ ሬጋን ተሸነፉ፤ ጄሪ በ1975 መንበሩን የተረከቡት ከሬጋን ነው።