የሳሎን ስፒከርንና ሆም ቲያትርን ደረጃ በደረጃ ማሻሻል፦ ለድሬዳዋ ቤት

ድሬዳዋ ውስጥ ስፒከር መግዛት ቀላሉ ሥራ ነው። ታይዋን ገበያ ገብቶ ትልቅ ሳጥን አስጭኖ መመለስ ብዙም አያለፋም። የሚያሳዝነው ብዙ ሰው ያን ሁሉ ብር ካወጣ በኋላ ድምፁ መጮህ እንጂ መጥራት አለመቻሉ ነው። አብዛኛውን ጊዜ ጥፋቱ የስፒከሩ ሳይሆን የሳሎኑ ነው፦ የብሎኬት ግድግዳ፣ የሴራሚክ ወለል፣ ጥግ ላይ የተወሸቀ ዉፈር (የወፍራሙ ድምፅ፣ የቤዝ ስፒከር)። ስለዚህ መጀመሪያ ያለውን ዕቃ በትክክል ያስቀምጡ፤ ቀጥሎ የፊት ስፒከሮችን፣ ከዚያ ዉፈሩን፣ በመጨረሻ አምፑን (ድምፁን አጉልቶ ለስፒከሮቹ የሚልከውን ዕቃ) ይለውጡ።

የጎደለውን መለየት

በደንብ የሚያውቁትን፣ ከበሮና ማሲንቆ ያለበት ዘፈን ይክፈቱ። ከበሮው ሲመታ እያንዳንዱ ምት ለብቻው ጥርት ብሎ ከተሰማ ቤዙ ደህና ነው። አንዱ ምት በሌላው ላይ እየተደረበ የሚጎተት ከሆነ መጀመሪያ የዉፈሩን ቦታ ይጠርጥሩ። የማሲንቆው ጭራ ሲሳብ የሚሰማው ሻካራነት ከጠፋ ደግሞ ትዊተሩ (ቀጭኑን ድምፅ የሚያወጣው ትንሹ ስፒከር) ተቃጥሏል፣ ወይም ወደ ጆሮ አልዞረም። ድምፁ ሲጨመር ብቻ ጆሮ የሚበላ ከሆነ አምፑ ከአቅሙ በላይ እየሠራ ነው፤ ትዊተር የሚቃጠለውም በብዛት በዚህ ምክንያት ነው።

የፊልም ንግግር አይሰማኝም የሚል ሰው ቶሎ ወደ ገበያ ባይሮጥ ጥሩ ነው። እዚህ አገር ቬንትሌተር ሳይከፈት አይቀመጥም፤ የቬንትሌተር ሹክሹክታ ደግሞ በለሆሳስ የሚነገረውን ይውጠዋል። ለአምስት ደቂቃ አጥፍተው ያንኑ ትዕይንት ደግመው ይስሙት። ንግግሩ ከጠራ መፍትሔው ነፃ ነው፦ በአምፑ ማስተካከያ የመሀል ስፒከሩን ብቻ ከ2 እስከ 3 ዴሲቤል (የድምፅ ጉልበት መለኪያ) ከፍ ያድርጉ።

አቀማመጥ

የፊት ግራ፣ የፊት ቀኝና አድማጩ እኩል ጎን ያለው ሦስት ማዕዘን ይሥሩ። ስፒከሮቹ በ2.5 ሜትር ከተራራቁ መቀመጫውም ከእያንዳንዳቸው 2.5 ሜትር ያህል ይራቅ። ከኋላ ግድግዳ ከ30 እስከ 50 ሳንቲ ሜትር ያስጠጓቸው፤ ከጥግ ግን ቢያንስ 60 ሳንቲ ሜትር ያርቋቸው።

ትዊተሩ በጆሮ ቁመት ይሁን። ሶፋ ላይ የተቀመጠ ሰው ጆሮ ከወለል 1 ሜትር ገደማ ላይ ነው። ድሬዎች ከሰዓት በኋላ የሚያደምጡት ግን በአብዛኛው መጅሊስ ላይ ተደላድለው ነው፤ ያኔ ጆሮ ወደ 75 ወይም 80 ሳንቲ ሜትር ይወርዳል። ቡፌ አናት ላይ የተቀመጠ ስፒከር የላይኛውን ድምፅ ከጭንቅላት በላይ ያሳልፈዋል። ማውረድ ካልተቻለ ከኋላ በኩል ከስሩ እንጨት አስገብተው ፊቱን ወደ ታች ያዘንብሉት። ሐረር ጀጎል ውስጥ በነደባ (ደረጃ በደረጃ የተሠራ የመቀመጫ መደብ) ቤት ለሚኖሩ ደግሞ መቀመጫው ከፍና ዝቅ ያለ ስለሆነ ብዙ ሰው የሚቀመጥበትን ነደባ ይለኩ። እዚያ ምንጣፉ ድምፁን ስለሚውጠው፣ ግድግዳው ላይ የተሰቀለው ስፌትም ስለሚበትነው ከባዶ የሴራሚክ ሳሎን ያነሰ ያስተጋባል።

የመሀል ስፒከሩ ከቴሌቪዥኑ በታች፣ ፊቱ ከቡፌው ጠርዝ ጋር እኩል ይሁን። ወደ ውስጥ ከገባ የቡፌው ወለል ድምፁን ያፍነዋል። የኋላ ስፒከሮች ከአድማጩ ጎን ትንሽ ወደ ኋላ፣ ከጆሮ ከ30 እስከ 60 ሳንቲ ሜትር ከፍ ብለው ይሰቀሉ።

መሀል ሳሎን ቆመው አንድ ጊዜ ያጨብጭቡ። ጭብጨባው እየተንቀጠቀጠ ከተመለሰ በስፒከሮቹና በመቀመጫው መካከል ወፍራም ምንጣፍ ያንጥፉ፤ መስኮቱ ላይም ከባድ መጋረጃ ያድርጉ። የሳሎኑ ርዝመት 5 ሜትር ከሆነ 35 ሄርዝ (የድምፅ ቅጥነትና ውፍረት መለኪያ) አካባቢ ያለው ቤዝ ግድግዳዎቹ ጋ ያብጣል፣ በትክክል መሀል ላይ ደግሞ ይጠፋል። ስለዚህ መቀመጫው ከግድግዳም አይለጠፍ፣ መሀልም አይሁን።

ያለዎትን ዕቃ ማወቅ

በአንድ ካርቶን የሚመጣ ሆም ቲያትር አብዛኛውን ጊዜ በቁራጭ አይሻሻልም። የስፒከሩን ጀርባ ያንብቡ፦ 3 ኦም (የኤሌክትሪክ መቋቋም መለኪያ) የሚል ከሆነና መሰኪያውም ለብቻው የተሠራ ከሆነ ሌላ አምፕ ላይ አይቀጥሉት። ብዙ አምፖች ቢያንስ 4 ወይም 6 ኦም ይፈልጋሉ፤ ከዚያ በታች ሲሆን ይግላሉ፣ ራሳቸውን ያጠፋሉ፣ አንዳንዴም ይቃጠላሉ። እንዲህ ያለ ዕቃ ያለው ሰው ብሩን አጠራቅሞ በአንድ አምፕና በሁለት ጥሩ የፊት ስፒከሮች ቢጀምር ይሻለዋል። የመሀሉና የኋላዎቹ ቆይተው ይጨመራሉ።

ካርቶኑ ላይ በትልቁ የሚጻፈውን የፒኤምፒኦ ዋት (ለማስታወቂያ የተጋነነ ቁጥር) አይመኑ። ማየት ያለብዎ አርኤምኤስ የሚለውን፣ ያለማቋረጥ የሚወጣውን ዋት ነው። እሱም ካልተጻፈ የአምፑን ጀርባ ይመልከቱ፤ ከሶኬት የሚስበው 100 ዋት ከሆነ ያለማቋረጥ 1000 ዋት ሊያወጣ አይችልም።

ያገለገለ ስፒከር ሲገዙ

ያገለገለ ጥሩ ስፒከር ከአዲስ ርካሽ ስፒከር ይበልጣል፤ ግን ሳይመረመር አይገዛ። ወንፊቱን አውልቀው የኮኑን (የሚንቀጠቀጠውን ሾጣጣ ክፍል) ዙሪያ በጣት ጫን ያድርጉ። ዙሪያው ስፖንጅ ከሆነ በዕድሜና በሙቀት ይበሰብሳል፤ ሲነካ ከተፈረፈረ አልቋል። ኮኑና ከጀርባው ያለው የሽቦ ጥቅልል ደህና ከሆኑ ስፖንጁን መቀየር ይቻላል፤ ዋጋውን ግን በዚያ ልክ ያስቀንሱ። የጎማ ዙሪያ ብዙ ዓመት ይቆያል።

ከዚያ ኮኑን በሁለት እጅ ጣቶች በእኩል ኃይል ቀስ አድርገው ወደ ውስጥ ይግፉት። የሚፋቅ ድምፅ ከሰሙ ጥቅልሉ ተበላሽቷል፤ ይተዉት። ቴስተር ካለ 8 ኦም የተባለው ከ5.5 እስከ 7፣ 4 ኦም የተባለው ከ3 እስከ 3.5 አካባቢ ያሳያል። ምንም ካላሳየ ተበጥሷል። ይህ ምርመራ ግን ስለ ትዊተሩ አይነግርዎትም፤ ትዊተሩን ሙዚቃ ዝቅ አድርገው ከፍተው ጆሮዎን አስጠግተው ይፈትሹት።

ባለ 1.5 ቮልት ባትሪ ገመዱን ለአፍታ ብቻ ያስነኩት። የባትሪው ፖዘቲቭ ከስፒከሩ ቀይ ጋር ሲነካ ኮኑ ወደ ውጭ መውጣት አለበት። አንዱ ወጥቶ ሌላው ከገባ ግራና ቀኙ ተጻራሪ ሆነው ቤዙን ያጠፉታል።

ሌላው ሰው የማይጠይቀው ቁጥር ሴንሲቲቪቲ፣ ማለትም ስፒከሩ በተሰጠው ዋት ምን ያህል እንደሚጮህ የሚያሳየው ነው። የ84 ዴሲቤል ስፒከር ከ90 ዴሲቤሉ እኩል እንዲጮህ አራት እጥፍ ዋት ይፈልጋል። ትልቅ አምፕ ከመግዛት ይልቅ ከፍ ያለ ሴንሲቲቪቲ ያለው ስፒከር መምረጥ የሚያዋጣውም ለዚህ ነው።

ዉፈር

4 በ5 ሜትር ለሆነ ሳሎን ጥሩ ባለ 8 ወይም ባለ 10 ኢንች በቂ ነው። ቦታውን ለማግኘት ዉፈሩን ራስዎ የሚቀመጡበት ላይ አድርገው ቤዝ ያለበት ሙዚቃ ይክፈቱ፤ ከዚያ በግድግዳው ጥግ ጥግ ጎንበስ ብለው እየዞሩ ያዳምጡ። ምቱ ጥርት ብሎ በእኩል የተሰማበት ቦታ የዉፈሩ ቦታ ነው። መለያውን (ከየትኛው ሄርዝ በታች ያለው ድምፅ ወደ ዉፈሩ እንደሚሄድ የሚወስነውን ቁልፍ) 80 ሄርዝ ላይ ያድርጉ፤ የፊት ስፒከሮቹ ትንንሽ ከሆኑ ከ100 እስከ 120 ያድርሱት። የፌዝ ማብሪያውን (ዉፈሩ ከፊት ስፒከሮቹ ጋር አብሮ እንዲገፋ የሚያደርገውን) 0 እና 180 ላይ እየቀያየሩ መቀመጫው ላይ ቤዙ የበረታበትን ይያዙ። አዲስ ዉፈር ተገዝቶ ድምፁ ሲንኮሻኮሽ ወዲያው ወደ ሻጩ አይመልሱት፦ ኮርኒሱን፣ የመስኮቱን መስታወትና ቡፌ ውስጥ ያሉትን ብርጭቆዎች አንድ በአንድ በእጅ ያዝ እያደረጉ ይፈትሹ።

አምፕ፣ ገመድና መብራት

ዋት እጥፍ ሲሆን ድምፅ የሚጨምረው በ3 ዴሲቤል ብቻ ነው፤ ከ50 ወደ 100 ዋት መሄድ በጆሮ ብዙም አይታወቅም። አምፕ የሚቀየረው የነበረው ከስፒከሩ ኦም ጋር ካልተስማማ ወይም መሰኪያ ካጠረው ነው። ለቴሌቪዥን ኤችዲኤምአይ ኤአርሲ (የቴሌቪዥኑን ድምፅ ወደ አምፑ የሚመልስ መሰኪያ) ያለውን ይምረጡ፤ አንድ ገመድ ይበቃል፣ ድምፁም በቴሌቪዥኑ ሪሞት ይታዘዛል። ከጃፓን የመጣ ከሆነ ጀርባው ላይ 100 ቮልት የሚል እንዳለ ሳያዩ አይሰኩት፤ ያለ ትራንስፎርመር 220 ላይ ወዲያው ይቃጠላል።

በድሬ ሙቀት አምፕ የተዘጋ ቡፌ ውስጥ አይኖርም። ከላይ ቢያንስ 15 ሳንቲ ሜትር ክፍት ይተዉ፤ በላዩ ዳንቴል አያልብሱት፤ አቧራውንም ነቅለው በብሩሽ ያራግፉ።

ለስፒከር እስከ 10 ሜትር ባለ 2.5 ካሬ ሚሊ ሜትር የመዳብ ገመድ ይበቃል፤ ውድ ገመድ ላይ ገንዘብ አያጥፉ። ሲገዙ ጫፉን በቢላ ይፋቁት፤ ውስጡ ነጭ ከወጣ መዳብ የተቀባ አሉሚኒየም ነው። መብራት ሲጠፋ አምፑን ከሶኬት ይንቀሉና ከተመለሰ በኋላ ጥቂት ደቂቃ ቆይተው ይሰኩ። እም የሚል የማያቋርጥ ድምፅ ካለ የዲሹን ገመድ ከሪሲቨሩ ይንቀሉ፤ ድምፁ ከቆመ መንስኤው የዲሹ ገመድ ነው። ያን ጊዜ የዲሽ ሪሲቨሩን፣ ቴሌቪዥኑንና አምፑን በአንድ ዲቫይደር ላይ ሰክተው እንደገና ይሞክሩ።