የተደበቁ መቆጣጠሪያዎች፦ በአዳዲስ መኪኖች ላይ የሚያጋጥሙ ችግሮችና መፍትሔዎቻቸው

አዲስ መኪና የሚያሽከረክር ሰው «ተበላሽቷል» ብሎ መካኒክ ከሚጠራባቸው ጊዜያት በአንዳንዶቹ የተበላሸ ነገር የለም። ክፍሉ ይሠራል፤ ነገር ግን ለውበት ወይም ወጪ ለመቀነስ ሲባል ከዓይን ተሰውሯል። ቀድሞ በእጅ ዳሰሳ ብቻ ይገኝ የነበረው ማንሻ ዛሬ በክዳን ሥር ወይም በስክሪኑ ገጾች ውስጥ ተቀብሯል። ሾፌሩ ስላላገኘው ሊወቀስ አይገባም ብዬ አምናለሁ። ከዚህ በታች የቀረቡት በተደጋጋሚ የሚታዩ ምልክቶች ናቸው፤ ትክክለኛው ቦታ ከሞዴል ሞዴል ስለሚለያይ ከመኪናው መመሪያ መጽሐፍ ጋር ማመሳከር ያስፈልጋል።

ቁልፉ በኪስ እያለ መኪናው «ቁልፍ የለም» ሲል

በሩ አይከፈትም፤ ወይም ተከፍቶ ከተገባ በኋላ የማስነሻው አዝራር ሲጫኑት ቁልፍ አለመገኘቱን የሚገልጽ ጽሑፍ ብቻ ይመጣል። አብዛኛውን ጊዜ መንስኤው በሪሞቱ ውስጥ ያለችው ክብ ባትሪ ማለቋ ነው፤ ብዙ ሪሞቶች የሚጠቀሙት 3 ቮልት የሆነችውን ሲአር2032 ነው። ሌላው ሊሆን የሚችለው የመኪናው ባለ 12 ቮልት ባትሪ መድከሙ ነው። በሩ ተከፍቶ የውስጥ መብራቱና ዳሽቦርዱ በደንብ ከበሩ ችግሩ የሪሞቱ ነው፤ ሁሉም ነገር ጨለማ ከሆነ ግን የመኪናው ባትሪ ነው።

በሪሞቱ ጎን ወይም ጀርባ ያለችውን ትንሽ መግፊያ ሲጫኑ የብረት ቁልፍ ይወጣል። ቁልፉ የሚገባበት ቀዳዳ ግን በብዙ መኪኖች ላይ በሾፌሩ በር እጀታ ጫፍ ባለ የፕላስቲክ ክዳን ተሸፍኗል፤ ክዳኑ ከሥሩ ባለችው ቀጭን ክፍተት የቁልፉን ጫፍ አስገብቶ በቀስታ በማንሳት ይላቀቃል። በዚህ መንገድ ሲከፈት አላርም ሊጮህ ይችላል፤ መኪናው ቁልፉን እንዳወቀው ዝም ስለሚል መደንገጥ አያስፈልግም። ለማስነሳት ሪሞቱን ራሱን በማስነሻው አዝራር ላይ አስጠግቶ ፍሬን ረግጦ መጫን በብዙ ሞዴሎች ላይ ይሠራል፤ በሌሎቹ ደግሞ ሪሞቱ የሚቀመጥበት ልዩ ቦታ በኩባያ ማስቀመጫው ወይም በመካከለኛው ሣጥን ውስጥ ምልክት ተደርጎበት ይገኛል። በሪሞቱ ውስጥ ያለው ቺፕ ኃይሉን በቅርብ ርቀት ከመኪናው ስለሚያገኝ ባትሪ ባይኖረውም ይታወቃል።

የመኪናው ባትሪ ከሆነ የሞተው፣ አንድ የሚያስጨንቅ ሁኔታ ሊያጋጥም ይችላል፦ ባትሪው ከኋላ ዕቃ መጫኛው ውስጥ ነው፣ ዕቃ መጫኛው ደግሞ የሚከፈተው በኤሌክትሪክ ብቻ ነው። ብዙዎቹ አምራቾች ለዚህ ሲሉ ከፊት ኮፈን ሥር ከሌላ መኪና ኃይል ለመቀበል የሚያገለግሉ፣ የመደመር ምልክት ያለው ቀይ ክዳን የለበሱ ጫፎችን ያስቀምጣሉ።

በሩ ከውስጥ አልከፈት ሲል

ከሁሉም በላይ ሊታወቅ የሚገባው ይህ ነው፤ ምክንያቱም በሌሎቹ ችግሮች ሰው ይዘገያል፣ በዚህኛው ግን ሕይወቱን ሊያጣ ይችላል። የኋላ በር ከውጭ እየተከፈተ ከውስጥ እምቢ ካለ መጀመሪያ የሚታየው በበሩ ጠርዝ ላይ፣ በሩ ሲከፈት ብቻ የምትታየው የልጆች መቆለፊያ ናት፤ እሷን መመለስ ይበቃል። የበሩ መክፈቻ አዝራር ሆኖ ሲጫኑት ምንም ካልሆነ ግን መንስኤው የኤሌክትሪክ መቋረጥ ነው። በነዚህ መኪኖች ላይ መቆለፊያውን የሚከፍተው ሞተር ኃይሉን የሚያገኘው ከ12 ቮልቱ መስመር ስለሆነ፣ ግጭት ወይም እሳት መስመሩን ሲያቋርጥ አዝራሩ ከጌጥ አይለይም።

መፍትሔው በእጅ የሚሠራው መክፈቻ ነው። በአንዳንድ መኪኖች የውስጡን እጀታ ሁለት ጊዜ ወይም ከወትሮው ጠለቅ አድርጎ መሳብ ብቻ ይጠይቃል። በሌሎች ከመስኮት አዝራሮቹ ፊት ለፊት ያለችውን ቀጭን ማንሻ ወደ ላይ ማንሳት ነው። በኋላ በሮች ላይ ነገሩ ይከብዳል። በአንዳንድ ቴስላ ሞዴል ዋይ መኪኖች ላይ በበሩ ኪስ ታች ያለውን ምንጣፍ አንስቶ፣ ከሥሩ ያለችውን ክዳን ከፍቶ ገመዱን መሳብ ያስፈልጋል፤ በሞዴል ኤክስ ወደ ላይ በሚከፈቱት በሮች ላይ ደግሞ ገመዱ ከድምፅ ማጉያው ሽፋን ጀርባ ነው። የኋላ በራቸው በእጅ የሚከፈትበት ምንም መንገድ የሌላቸው መኪኖችም ተሽጠዋል። በጭስ በተሞላ መኪና ውስጥ አንድ ልጅ ይህን ሁሉ ቅደም ተከተል ይፈጽማል ብሎ መጠበቅ ፈጽሞ አይቻልም። ቻይና ከእ.ኤ.አ. ጥር 1 ቀን 2027 ጀምሮ አዳዲስ የመኪና ሞዴሎች ከውስጥም ከውጭም በሜካኒካል መንገድ የሚከፈቱ በሮች እንዲኖሯቸው ማስገደዷ ከዚህ ስጋት የመጣ ነው።

ስለዚህ መኪናው ቆሞ ሳለ የቤተሰቡ አባል ሁሉ በሚቀመጥበት ቦታ ያለውን መክፈቻ አንድ ጊዜ በእጁ ይሞክር። መስታወት መስበር የመጨረሻው አማራጭ ነው፤ ነገር ግን በመስታወቱ ጥግ የታተመውን ጽሑፍ አስቀድሞ ማንበብ ይጠይቃል። «ቴምፐርድ» የሚለው በመስበሪያ መዶሻ ጥግ ጥጉን ሲመታ ወደ ትናንሽ ፍንካች ይበተናል፤ «ላሚኔትድ» የሚለው ግን በመካከሉ የፕላስቲክ ሽፋን ስላለው ይሰነጠቃል እንጂ አይበተንም። የፊት መስታወት ምንጊዜም «ላሚኔትድ» ነው።

ማርሹ ከ«ፒ» አልንቀሳቀስ ሲል፣ ወይም «ፒ» ላይ ያለ ሲመስል

አውቶማቲክ ማርሽ ፍሬን ካልተረገጠ ከ«ፒ» (መኪናው ቆሞ ከሚቆለፍበት የማርሽ ቦታ) እንዳይወጣ ታስቦ ይቆለፋል። ፍሬን ተረግጦም ካልወጣ አንድ ሰው ከኋላ ቆሞ የፍሬን መብራቶቹን ይመልከት፦ ካልበሩ በፍሬን ፔዳሉ ላይ ያለው ስዊች ወይም ፊውዙ ተበላሽቷል፤ መኪናውም ፍሬን መረገጡን አላወቀም ማለት ነው። መኪናውን ለማንሳት የእጅ ፍሬኑን ይዞ፣ ከማርሹ ዘንግ አጠገብ ያለችውን ትንሽ ክዳን በቀጭን ካቻቪቴ ማንሳትና ውስጧ ያለውን መግፊያ ተጭኖ ማርሹን ማውጣት ይቻላል። ማርሻቸው የሚዞር ጉብ ወይም አዝራር በሆነ መኪኖች ላይ ይህች ክዳን ብዙ ጊዜ የለችም፤ እነሱን ለመጎተት በመመሪያው የተጻፈውን ቅደም ተከተል መከተል ግድ ነው።

ተቃራኒው ችግር ይበልጥ አደገኛ ነው። ከተገፋ በኋላ ወደ መካከል የሚመለስ ዘንግ የትኛው ማርሽ ላይ እንዳለ በእጅ አያስታውቅም። የመኪና አምራቹ ፊያት ክራይስለር በእ.ኤ.አ. 2016 ከ1.1 ሚሊዮን በላይ መኪኖችን ለጥገና የጠራው ሾፌሮች «ፒ» ላይ ነው ብለው ሲወርዱ መኪናው እየተንከባለለ ስላስቸገረ ነው፤ ተዋናይ አንቶን የልቺን በዚያው ዓመት ሕይወቱ ያለፈው ከተጠሩት ሞዴሎች አንዱ በሆነው በራሱ ጂፕ ግራንድ ቼሮኪ ነው። መፍትሔው በዳሽቦርዱ ላይ «ፒ» መብራቷን በዓይን አይቶ፣ የእጅ ፍሬን ይዞ፣ ከዚያ በኋላ ቀበቶ መፍታት ነው።

የዝናብ መጥረጊያው፣ ማቀዝቀዣው ወይም ሬዲዮው ስክሪን ውስጥ ሲጠፋ

ቪ ቢልያጋረ የተባለ የስዊድን መጽሔት በእ.ኤ.አ. 2022 ሾፌሮች በሰዓት 110 ኪሎ ሜትር እየተጓዙ አራት ቀላል ሥራዎች የሚፈጽሙበትን ጊዜ ለክቶ ነበር። አዝራሮች በነበሩት የ2005 ቮልቮ ቪ70 ሥራው 10 ሰከንድ ሲወስድ፣ በኤምጂ ማርቬል አር 44.9 ሰከንድ ፈጅቷል። አዝራር በጣት ስለሚዳሰስ ዓይን ከመንገድ አይነሳም፤ ለስላሳ ስክሪን ግን ሳይታይ አይነካም። በጀርመን የካርልስሩኸ ከፍተኛ ፍርድ ቤት በእ.ኤ.አ. 2020 የመጥረጊያውን ፍጥነት በስክሪን ሲያስተካክል ከመንገድ የወጣ ሾፌር ላይ የተጣለውን ቅጣት አጽንቷል፤ ዲዛይኑ ያመጣውን ጥፋት ሾፌሩ መክፈሉ ቅር ቢያሰኝም፣ ለሾፌሮች የሚሰጠው ማስጠንቀቂያ ግልጽ ነው።

ከመነሳት በፊት መጥረጊያውን «አውቶ» ላይ ማድረግ፣ በመሪው ላይ እንደፈለጉ የሚመደብ አዝራር ካለ ለአዘውታሪ ሥራ መመደብና በድምፅ የሚሰጡትን ትእዛዞች መለማመድ ይረዳል። ስክሪኑ ሲነኩት ምላሽ መስጠት ካቆመ ደግሞ መኪናውን አቁሞ የድምፅ መቆጣጠሪያውን ጉብ ወይም የኃይል አዝራሩን ቢያንስ ለ10 ሰከንድ ተጭኖ መያዝ በብዙ ሞዴሎች ላይ እንደገና ያስነሳዋል።

የነዳጅ ክዳኑ የማይከፈት ከሆነ በሮቹ ተቆልፈው ይሆናል፤ ካልሆነም የሚሳበው መክፈቻው ከሾፌሩ ወንበር በግራ ወለሉ ላይ፣ ወይም በኋላ ዕቃ መጫኛው ግድግዳ ሽፋን ውስጥ ነው።

ሌሎች ሾፌሮች በምሽት መብራት እየጣሉ ሲያስጠነቅቁ

ዳሽቦርዱ ደምቋል፣ ከፊትም ብርሃን ይታያል፤ ከኋላ ግን መኪናው ጨለማ ነው። መንስኤው መኪናው ሲነሳ በራሱ የሚበራው የቀን መብራት ነው፤ ይህ መብራት በብዙ መኪኖች ላይ የሚያበራው ከፊት ብቻ ሲሆን፣ የዘመኑ ዳሽቦርድ ደግሞ ቀንም ሌሊትም ስለሚበራ ሾፌሩ ሁሉንም መብራት ያበራ ይመስለዋል። ካናዳ ከእ.ኤ.አ. መስከረም 2021 ጀምሮ ለሚሠሩ መኪኖች ይህን የሚያስቀር ደንብ አውጥታለች፤ ከዚያ በፊት የተሠራ መኪና ያለው ሰው ግን የመብራቱን ማዞሪያ «አውቶ» ላይ ካደረገ በኋላ፣ ጨለም ባለ ቦታ ሞተሩን አስነስቶ ወርዶ የኋላ መብራቶቹ መብራታቸውን ይመልከት።