ከባሕር ዳር ሆነው የጥምቀት ምስክር ወረቀት ሲጠይቁ ሀገረ ስብከትዎን እንዴት ይለያሉ?

ለጋብቻ የጥምቀት ምስክር ወረቀት የሚያስፈልግዎ ካቶሊካዊ ከሆኑ፣ ደብዳቤ ከመጻፍዎ በፊት የተጠመቁበት ቁምስና (አጥቢያ ቤተ ክርስቲያን) በየትኛው ሀገረ ስብከት ሥር እንዳለ ያረጋግጡ። በባሕር ዳር «ሀገረ ስብከት ውሰደኝ» ብለው ባጃጅ ቢሳፈሩ ሾፌሩ ሳያመነታ ወደ ኦርቶዶክሱ ጽሕፈት ቤት ሊወስድዎ ስለሚችል፣ «የካቶሊክ» ማለትን አይርሱ።

የባሕር ዳር ደሴ ሀገረ ስብከት የተመሠረተው ጥር 11 ቀን 2007 ዓ.ም.፣ በጥምቀት ዕለት፣ ከአዲስ አበባው ሊቀ ጳጳሳዊ ሀገረ ስብከት ተከፍሎ ነው። ስለዚህ በዕድሜ የገፋ ምስክር ወረቀት ላይ የአዲስ አበባን ማኅተም ቢያዩ አይደናገጡ፤ ጥያቄዎን ግን መዝገቡን ለያዘው ቁምስና ያቅርቡ። አዲግራትና እምድብርም እንደ ባሕር ዳር ደሴ በግዕዝ ሥርዓት (የአምልኮ ወግ) የሚመሩ፣ የአዲስ አበባው ሊቀ ጳጳስ የበላይ የሆነላቸው ሀገረ ስብከቶች ናቸው።

የተጠመቁት ሶዶ፣ ሐዋሳ ወይም ሆሳዕና ከሆነ ነገሩ ይለያል፤ እነዚህ የላቲን ሥርዓት ያላቸው ሐዋርያዊ ቪካሪያቶች (ገና ሙሉ ሀገረ ስብከት ያልሆኑ የቤተ ክርስቲያን አስተዳደር ክልሎች) በመሆናቸው ተጠሪነታቸው በቀጥታ ለሮም መንበር ነው። ብዙዎች የሚሳሳቱት ግን እዚህ ላይ ነው፦ በላቲን ቁምስና መጠመቅ ብቻውን ሰውን የላቲን ሥርዓት አባል አያደርገውም። ሁለቱም ወላጆች ካቶሊክ ሲሆኑ ልጅ በመደበኛው የአባቱን ሥርዓት ይከተላል፤ በእናት በኩል እንዲሆን ሁለቱ ከተስማሙ ግን የእናቱን ይይዛል። ስለዚህ በማመልከቻው ላይ ከስምዎ፣ ከክርስትና ስምዎና ከተጠመቁበት ዘመን ቀጥሎ የወላጆችዎን ሥርዓት ይጥቀሱ።

ጋብቻው ከተፈጸመ በኋላ ዜናው ወደ ተጠመቁበት ቁምስና ተልኮ በጥምቀት መዝገቡ ላይ መስፈሩን ቆሞሱን (የቁምስናውን ኃላፊ ካህን) ይጠይቁ።