ቁጥጥር ያበዙ አለቆች የሚሠሯቸው ስህተቶች

ቡድን መምራት የጀመረ ሰው ቶሎ ወደ ቁጥጥር ይሄዳል። አይፈረድበትም፤ ነገር ሲበላሽ የሚጠየቀው እሱ ነው። ግን ቁጥጥር ሲበዛ ሠራተኛው መደበቅ ይለምዳል። አለቃውም የራሱን ቢሮ ችግር ከሁሉም በኋላ የሚሰማ ሰው ይሆናል።

መጥፎ ዜና ያመጣውን መቅጣት

ለእኔ ከሁሉም የከፋው ይኼ ነው። አለን ሙላሊ እ.ኤ.አ. በ2006 የአሜሪካውን የመኪና አምራች ፎርድን በዋና ሥራ አስፈጻሚነት ሲረከብ ኩባንያው በቢሊዮን የሚቆጠር ዶላር እየከሰረ ነበር። በሳምንታዊው ስብሰባ ላይ ግን የኃላፊዎቹ ሪፖርት ሁሉ አረንጓዴ ነው፤ "ችግር የለም" ማለት ነው። ቀይ ማሳየት እንጀራ ያሳጣል ብለው ፈርተው ነበር። አንድ ቀን ከኃላፊዎቹ አንዱ ማርክ ፊልድስ የአንድ አዲስ መኪና ሥራ መቆሙን በቀይ አሳየ። ሙላሊ አጨበጨበለት። ቀጥሎም ማን ሊያግዘው እንደሚችል ጠየቀ። ከዚያ በኋላ የሌሎቹም ሪፖርት ቀለሙ ተቀየረ።

እኛ ጋ "ግምገማ አለ" ሲባል ስንቱ ነው ማምለጫ የሚያዘጋጀው? "ማን ነው ያጠፋው?" ከማለት በፊት "ምን ተፈጠረ? ምን እናግዝ?" ብሎ መጀመር ብዙ ነገር ይለውጣል። ስብሰባ ላይ ሁሉም "እሺ" ካለ ደግሞ ደስ አይበልዎት። የተቃወመ ሰው ከሌለ፣ ምናልባት መቃወም ስለሚያስፈራ ነው።

ኃላፊነት ሰጥቶ ሥልጣን መንፈግ

"ሥራውን አንተ ትመራዋለህ" ይባልና ለአንድ የፕሪንተር ቀለም ሦስት ፊርማ ይጠየቃል። በቶዮታ ፋብሪካ ተራው ሠራተኛ ችግር ሲያይ ገመድ ስቦ ወይም ቁልፍ ተጭኖ እርዳታ ይጠራል፤ ችግሩ በጊዜ ካልተፈታ የማምረቻው መስመር ይቆማል። እርስዎም "እስከዚህ ብር ድረስ ሳትጠይቀኝ ወስን" ብለው መጀመር ይችላሉ። በውሳኔው ባይስማሙም ሰው ፊት አይሻሩበት።

ሰዓትን እንደ ሥራ መቁጠር

የጣት አሻራ መግባትና መውጣትን እንጂ ሥራን አይመዘግብም። ማታ በቴሌግራም "የት ደረሰ?" እያሉ መጨቅጨቅም ሥራ አያፋጥንም።

እምነትን ከመተው ጋር ማምታታት

"አምኜሃለሁ" ብሎ መጥፋት መምራት አይደለም። ምን፣ መቼ፣ በምን ጥራት እንደሚያልቅ አስቀድመው ይስማሙ፤ በተስማሙበት ቀን ይጠይቁ። ገንዘብ በሚነካ ሥራ ላይ የሁለት ሰው ፊርማና ኦዲት ይቀጥሉ። እነዚህ ሠራተኛውንም ከሐሜት ያድኑታል።