የልጅዎን የጥቅምት ወር ትምህርት ሲከታተሉ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ጥቅምት ለአንደኛ ደረጃ ተማሪ ከባድ ወር ነው። መስከረም በምዝገባ፣ በመጽሐፍ እደላና ያለፈውን ዓመት በመከለስ ያልቃል፤ አዲሱ ትምህርት በእርግጥ የሚጀመረው ደሴ ላይ ብርዱ ሲጠና፣ ልጆች በማለዳ ሹራብ ደርበው ከጦሳ ተራራ ግርጌ ወደ ክፍል ሲመጡ ነው። አንደኛ ክፍል ያለው ልጅ ፊደል እየለየ ነው፤ ሁለተኛና ሦስተኛ ክፍል ያሉት ቃል ከማንበብ ወደ አንቀጽ፣ ከአሥር ቤት ወደ መቶ ቤት እየተሻገሩ ናቸው፤ ከዚያ በላይ ያሉት ደግሞ ማባዛትና ማካፈልን በትልልቅ ቁጥሮች ይለማመዳሉ፣ በአካባቢ ሳይንስም ስለ አየር ጠባይና ስለ ወንዞች ይማራሉ። እኔ ደሴ ውስጥ ሦስተኛ ክፍል አስተምራለሁ። ወላጆች ደብተር ይዘው ሲመጡ ከሚነግሩኝም፣ በየቀኑ ከማርመው የቤት ሥራም የተረዳሁት ነገር ቢኖር፣ ብዙ ወላጅ የሚከታተለው ደብተሩን እንጂ ልጁን አለመሆኑን ነው። ከዚህ በታች የማነሣቸው ስህተቶች አብዛኞቹ ከዚሁ የሚመነጩ ናቸው።

በመጀመሪያ የምጠቅሰው ራይትና ኤክስ መቁጠርን ነው። ደብተሩ እንደተገለጠ ዓይን የሚሄደው ወደ ቀዩ እስክሪብቶ ነው፤ ከአሥር ስምንት ያመጣው ይመሰገናል፣ አራት ያመጣው ይገሠጻል። ነገር ግን ሦስትና አራት ልጆች በአንድ ዴስክ በሚቀመጡበት ክፍል ውስጥ ስምንቱ ከጎን የተቀዳ፣ አራቱ ግን ልጁ ብቻውን ታግሎ ያገኘው ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ‹‹ስንት አገኘህ?›› ከማለት ይልቅ ከተሠሩት ጥያቄዎች አንዱን፣ ራይት የተደረገበትንም ቢሆን፣ መልሱን ሸፍኖ ‹‹እስቲ ይህን እንዴት እንደሠራኸው አሳየኝ›› ማለት ብዙ ነገር ይገልጣል።

ፊደልን በተመለከተ ያለውን ስህተት ሰፋ አድርጌ ማስረዳት እፈልጋለሁ፤ የንባብ ሁሉ መሠረት እሱ ነውና። ልጁ ሀ ሁ ሂ ሃ ብሎ ጀምሮ እስከ መጨረሻው ሳያደናቅፈው ሲወርድ የሰማ ወላጅ ‹‹ልጄ ፊደል ቆጥሯል›› ብሎ ያርፋል። ልጁ የያዘው ግን ዜማውን ብቻ ሊሆን ይችላል። 33ቱ ፊደላት ከግዕዝ እስከ ሳብዕ ሰባት ሰባት ቅርጽ ስላላቸው ልጁ የሚለያቸው ቅርጾች 231 ይሆናሉ፤ ዜማው እነዚህን ሁሉ በአንድ ትንፋሽ ስለሚያሳልፋቸው ዓይን የትኛው ላይ እንዳለ ከውጭ አይታወቅም። በዚህ ወር አንድ ልጅ ‹‹ዶ››ን ለብቻዋ ጽፌ ባሳየው ዝም አለ፤ ቀጥሎ በጣቱ ዴስኩን ቀስ ብሎ እየነካ ደ፣ ዱ፣ ዲ፣ ዳ፣ ዴ፣ ድ ብሎ ቆጠረና ሰባተኛው ላይ ሲደርስ ፊቱ በርቶ ‹‹ዶ!›› አለኝ። ይህ ልጅ ሰነፍ አይደለም፤ እንዲያውም ብልህ ነው፤ ሆኖም ‹‹ዶሮ›› የሚለውን ቃል ለማንበብ ሁለት ጊዜ ሰባት ሰባት መቁጠር አለበት፤ እንዲህ እየቆጠረ ደግሞ አረፍተ ነገር ጨርሶ ትርጉሙን ሊይዝ አይችልም።

የቀድሞ የቄስ ትምህርት ቤት መምህራን ይህን ችግር አሳምረው ያውቁት ነበር። ልጁ ሀሁን እንደጨረሰ አቡጊዳ ያስቆጥሩታል፤ አ ቡ ጊ ዳ ሄ ው ዞ እያለ ከአንዱ ቤት ወደ ሌላው ቤት በሰያፍ ስለሚዘል፣ የለመደው ዜማ ይፈርስና ቅርጹን ከማየት በቀር ሌላ መንገድ አይኖረውም። እያንዳንዷን ፊደል በስንደዶ ያስነኩት የነበረውም ለዚሁ ነው። ዛሬ በየቤቱ ፊደል ገበታ አለ፤ ወላጅ ሊያደርገው የሚችለው ቀላል ነገር አንድ ወረቀት መሐሉን በሳንቲም ልክ ቀድዶ ገበታው ላይ ወዲያና ወዲህ ማንቀሳቀስ ነው፤ በቀዳዳው አንዲት ፊደል ብቻ ትታያለች፣ ልጁም ያችን ብቻ ይጠራል። ሰ እና ሸ፣ ነ እና ኘ፣ ተ እና ቸ፣ ጠ እና ጨ ጎን ለጎን ሲሆኑ በተለይ ሊፈተን ይገባል። ከዚህ ጋር አንድ ነገር ልጨምር፦ አጻጻፋችን መጥበቅና መላላትን አያሳይም። ልጁ ‹‹አለ›› የሚለውን ‹‹ተናገረ›› ለማለት እንደሚላላው አድርጎ ቢያነበውና ዐረፍተ ነገሩ ‹‹ይኖራል›› ማለቱ ከሆነ፣ ፊደሉን አልሳተም፤ ‹‹አላወቅህም›› ከማለት ዐረፍተ ነገሩን እስከ መጨረሻው እንዲያነብ ማድረግና ‹‹ምን ማለቱ ይመስልሃል?›› ብሎ መጠየቅ ይሻላል። ‹‹ገና›› የተባለው በዓሉ ይሁን ወይም ‹‹ገና ነው›› የምንለው ይሁን የሚታወቀው በዚህ መንገድ ብቻ ነው።

ወደ ሒሳብ ስንመጣ ትልቁ ስህተት ለተሳሳተው ጥያቄ ትክክለኛውን መልስ መስጠት ነው። በዚህ ሳምንት ካረምኩት ደብተር አንዱን ልውሰድ። ጥያቄው 402 ሲቀነስ 178 ነበር፤ ልጅቱ 376 ብላ መለሰች። በችኮላ ለሚያይ ሰው መልሱ እንዲሁ የተጻፈ ይመስላል፤ ነገር ግን ልጅቱ የራሷ ሕግ ነበራት፦ በየቤቱ ከትልቁ ትንሹን መቀነስ። ከ8 ላይ 2፣ ከ7 ላይ 0፣ ከ4 ላይ 1። ቤት ውስጥ ‹‹መልሱ 224 ነው፣ አስተካክይ›› ተብላ አስተካከለች። በማግስቱ 503 ሲቀነስ 267 ስሰጣት 364 አለችኝ፤ መልሱ 236 መሆን ሲገባው ያው ሕጓ እዚያው ነበር። የተሰጣት 224 የተሳሳተውን ቁጥር ሸፈነ እንጂ የተሳሳተውን ሐሳብ አልነካውም፤ ለእኔ ለመምህሯም ችግሩን ደበቀብኝ።

የሚገርመኝ ልጆቻችን መፍትሔውን ከሱቅ ይዘውት መምጣታቸው ነው። የላይኛው ቁጥር ሲያንስ ከጎኑ ካለው ከፍ ያለ ቤት አንድ የምንወስድበትን ዘዴ እኛ መምህራን ‹‹መበደር›› እንለዋለን፤ ልጅ ግን የተበደረ ሰው እንደሚመልስ ስለሚያውቅ ‹‹መቼ ነው የምንመልሰው?›› ብሎ ቢጠይቅ ተገቢ ነው። ነገሩ በእውነት ብድር አይደለም፤ ብር መዘርዘር ነው። ልጅዎ አራት ባለ መቶ ብርና ሁለት የአንድ ብር ሳንቲም ይዞ 178 ብር መክፈል እንዳለበት ያስቡ። ባለ አሥር ብር በእጁ የለም፤ ስለዚህ አንዱን መቶ በአሥር ባለ አሥር ይዘረዝራል፤ ከእነዚያ አንዱን ደግሞ በአሥር ባለ አንድ ብር ይዘረዝራል። አሁን በእጁ ያለው ሦስት ባለ መቶ፣ ዘጠኝ ባለ አሥርና አሥራ ሁለት ባለ አንድ ነው፤ ድምሩ ያው 402 ነው። ከዚያ ላይ 178 ሲከፍል 224 ይቀረዋል። ይህን በወረቀት ቆርጠው በሠሩት ብር ሁለትና ሦስት ጊዜ የሠራ ልጅ፣ በመሐል ያለው ዜሮ ለምን ወደ ዘጠኝ እንደሚለወጥ ማንም ሳይነግረው ይናገራል።

አስጠኚ የሚቀጥሩ ወላጆችን አንድ ነገር ብቻ አደራ እላለሁ፦ አስጠኚው ከክፍሉ ትምህርት አይቅደም። ልጁ መደመርን ሳያጠና ማካፈል ሲጀመርለት ለጥቂት ቀን የቀደመ ይመስላል፤ ክፍል ውስጥ ግን ‹‹ይህን አውቀዋለሁ›› ብሎ ማዳመጥ ያቆማል፣ የሚያውቀውም ግማሹን ብቻ ይሆናል። እንግሊዝኛንም ቢሆን ረጅም የቃል ዝርዝር ከነትርጉሙ ከማስሸምደድ በየቀኑ ሦስት ቃል በአረፍተ ነገር ውስጥ እንዲናገር ማድረግ ይበልጣል።

ልጅን በገበያ ቀን ማስቀረት በከተማችን የቆየ ልማድ ነው። ሰኞ ገበያ ስሙን ያገኘው ከዕለቱ ነው፤ ሰኞ ደግሞ የሳምንቱ አዲስ ትምህርት የሚጀመርበት ቀን ነው። ቤተሰብ እጅ ሲያጥረው ልጁ ዕቃ እንዲጠብቅ ወይም ታናሹን እንዲይዝ መፈለጉን አልነቅፍም፤ ኑሮ ከባድ መሆኑን አውቃለሁ። ነገር ግን በወር አራት ሰኞ የቀረ ልጅ የሚያጣው ከሃያ ቀን አራቱን ብቻ አይደለም፤ ማክሰኞ የሚሰጠው ልምምድ ሰኞ በተብራራው ላይ ስለሚቆም የሚያጣው የሳምንቱን መነሻ ነው። ግድ ከሆነ የፈረቃውን ሰዓት አስልቶ ከትምህርት በፊት ወይም በኋላ ያለውን ግማሽ ቀን መጠቀም ይቻላል።

አካባቢ ሳይንስን እንደ ቃል ጥናት ማየት ሌላው የሚያሳዝነኝ ስህተት ነው፤ መማሪያው በደጃችን ተዘርግቶ ሳለ ልጁ ‹‹ደጋ፣ ወይና ደጋ፣ ቆላ›› እያለ ቤት ውስጥ ይሸመድዳል። ‹‹ኮምቦልቻ ምንድን ናት?›› ብዬ ስጠይቅ ከክፍሌ የሚበዙት ‹‹ቆላ›› ይሉኛል፤ ሲሄዱ ስለሚሞቃቸው ነው። መልሱ ግን ወይና ደጋ ነው። ኮምቦልቻ ከባሕር ጠለል በላይ 1,850 ሜትር ገደማ ላይ ትገኛለች፤ ወይና ደጋ ደግሞ ከ1,500 እስከ 2,300 ሜትር ያለውን ይይዛል። ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ስላለች ደጋ ናት። ከፍታ በ1,000 ሜትር በጨመረ ቁጥር አየሩ በአማካይ 6.5 ዲግሪ ያህል ስለሚቀዘቅዝ፣ በሁለቱ ከተሞች መካከል ያለው 650 ሜትር ያህል ልዩነት አራት ዲግሪ ገደማ ይሰጣል። ዘመድ ለመጠየቅ የሐረጎን ጠመዝማዛ መንገድ በሚኒባስ ወደ ኮምቦልቻ ስትወርዱ ልጁ ሹራቡን የት ላይ እንዳወለቀ ብትጠይቁት፣ ትምህርቱን በገላው አውቆት ይመለሳል። የቦርከናን ወንዝም እንዲሁ፦ ብዙ ልጆች ወንዝ ሁሉ ባሕር ይገባል ብለው ያምናሉ፤ ቦርከና ግን ከእኛ ዘንድ ወርዶ በኮምቦልቻ በኩል ወደ አዋሽ ያቀናል፤ አዋሽ ደግሞ ባሕር ሳይደርስ በአፋር ምድር፣ በጅቡቲ ድንበር ባለው የአቤ ሐይቅ ያበቃል። ድልድይ ላይ ቆሞ ‹‹ይህ ውኃ የት ይደርሳል?›› ብሎ መጠየቅ ወጪ የለውም።

ከፍ ባሉ ክፍሎች ላሉ ልጆች ደግሞ ‹‹በዚህ ዕድሜህ ይህን አታውቅም?›› የሚል ቃል ከቤታችን መውጣት አለበት። በ2014 ዓ.ም. ጥቅምትና ኅዳር ጦርነቱ ደሴና ኮምቦልቻ ሲደርስ ትምህርት ተቋርጦ ነበር፤ ያን ዓመት አንደኛ ክፍል የገቡ ልጆች ፊደል በሚለዩበት ወር ከቤታቸው ተፈናቅለው ወይም በር ዘግተው ተቀምጠው ነበር። ሳይደግሙ የቀጠሉት በ2018 ዓ.ም. አምስተኛ ክፍል ደርሰዋል። ሲያነቡ የሚያደናቅፋቸው ፊደል ካለ የጎደለው ያኔ ነውና፣ ሳያፍሩ ወደ አንደኛ ክፍል ገበታ ተመልሰው እንዲሞሉት ከጎናቸው መሆን ይገባናል።

በመጨረሻ የማነሣው ከሁሉ ይልቅ ልቤን የሚነካውን ነው። ‹‹መምህር፣ እኔ አልተማርኩ፤ ምን ልርዳው?›› የሚሉኝ እናቶችና አባቶች ብዙ ናቸው። ይህ ትሕትና ነው፤ ግን ልጁን ያለ አድማጭ ያስቀረዋል። አምና አንዲት እናት ነበሩ፤ ሽንኩርትና ቃሪያ ይቸረችራሉ፣ ፊደል አልቆጠሩም። ማታ ማታ ቡና እየቆሉ ልጃቸውን ‹‹ዛሬ የተማርሽውን ለእኔም አስተምሪኝ›› ይሏታል፤ እሷም ደብተሯን ዘርግታ ታስረዳለች፣ እሳቸው ሳይገባቸው ሲቀር ‹‹ቆይ፣ እሱ ለምን ሆነ?›› ይሏታል። አንድ ቀን ጠዋት በር ላይ አግኝተውኝ ‹‹መምህር፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ ልጄ ቅነሳ ስታስረዳኝ መሐል ላይ ዜሮ ሲመጣ ዝም ትላለች፤ ምን ብዬ ልጠይቃት?›› አሉኝ። በዚያን ሰሞን ከአምስት የማያንሱ የተማሩ ወላጆች ደብተር ይዘው መጥተው ‹‹ሒሳብ ይከብደዋል›› ብለውኝ ነበር፤ የሚከብደው የት ላይ እንደሆነ ግን አንዳቸውም አልነገሩኝም። ያን ዕለት የያዝኩትን አዲስ ትምህርት ትቼ በመሐል ዜሮ ያለበትን አንድ ጥያቄ ብቻ ሰሌዳው ላይ ጻፍኩ፤ ከክፍሉ እጁን ያወጣ አልነበረም።